ማቀዝቀዣው ለምን እምቢ አለ? የሞተርሆም የፊት ኤሲ አልነሣ ሲል ምክንያቱን ከሥሩ መፈለግ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቁጥር 15 የሞሃቪን በረሃ አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ጎዳና ላይ ቤከር የምትባል አነስተኛ መንደር አለች፤ በመንደሯም 134 ጫማ፣ ማለትም 41 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግዙፍ የሙቀት መለኪያ ቆሟል። ቁመቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 በአቅራቢያው በሚገኘው የዴዝ ቫሊ ሸለቆ የተመዘገበውን 134 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማስታወስ ነው። ከቤከር በስተምሥራቅ የሚጀምረው ረጅም አቀበት ላይ ደግሞ አሽከርካሪዎች ሞተራቸው እንዳይግል ማቀዝቀዣቸውን እንዲያጠፉ የሚመክር የመንገድ ምልክት ተተክሏል።

በበጋ ወራት ይህንና ይህን የመሳሰለውን መንገድ ከሚያቋርጡት መካከል በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይገኙበታል። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ላይ ለመገኘት፣ ወይም ልጆችን ይዞ አገር ለማየት፣ ሞተርሆም ተከራይቶ ወይም ገዝቶ መጓዝ የሚመርጡ ቤተሰቦች አሉ። ሞተርሆም መኝታ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ተሽከርካሪ ቤት ነው። ምቾቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በበረሃ መካከል የፊት ማቀዝቀዣው አልነሣ ካለ፣ ያ ሰፊ የፊት መስታወት የፀሐይን ሙቀት ወደ ውስጥ እያስገባ ቤቱን ወደ ምድጃነት ይለውጠዋል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው ነገር ቢኖር “ጋዝ አልቆበታል፤ ጋዝ ይሞላ” የሚል ነው። ሁለተኛው ግምት ደግሞ “ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል” ይሆናል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሳያረጋግጡ በእነርሱ መጀመር ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልተበላሸውን ያበላሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማቀዝቀዣው ሥራ አልጀምርም ሲል የሚከለክለው ማን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ማስረዳት ነው። አባቶቻችን “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” እንዲሉ፣ እኛም ከሥሩ እንጀምር።

ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ሙቀት ይጋዛል

በሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን ላይ አልኮል ሲቀባ የሚሰማንን ቅዝቃዜ እናስታውስ። አልኮሉ ከፈሳሽነት ወደ ተንነት ሲለወጥ ለመለወጫ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቆዳችን ይወስዳል። የመኪና ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አር-134ኤ የሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ በተለመደው የአየር ግፊት ሲሆን ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ግፊቱ ዝቅ ባለ ጊዜ በቀላሉ እየፈላ ከአካባቢው ሙቀት ይስባል።

ይህ የሚፈጸመው ከዳሽቦርዱ በስተኋላ በሚገኘው ኢቫፖሬተር በተባለው ክፍል ነው። ማራገቢያው የሚነፍሰው አየር በዚህ ቀዝቃዛ ክፍል ላይ አልፎ ወደ ፊታችን ይመጣል። ሙቀቱን የወሰደው ተን ወደ ኮምፕሬሰሩ ይሄዳል፤ ኮምፕሬሰሩም በኃይል ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ከሞተሩ ራዲያተር ፊት ለፊት ወደ ተቀመጠው ኮንደንሰር ሲደርስ ሙቀቱን ወደ ውጭ አየር ጥሎ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ዑደቱ ይደገማል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ኮንደንሰሩ የሚጥለው ሙቀት የሚነፍሰው በራዲያተሩ ላይ ስለሆነ በአቀበት ላይ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ የቤከሩ ምልክት ምክንያትም ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚጓዘው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ በሌለበት ኮምፕሬሰሩ ቢዞር ያለ ዘይት እየተፋተገ ይበላሻል። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ በተለይ እናስታውሰው፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ቺንጋ ከማውለቅ ወደ ፍሪሲዮን

ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈውም ቺንጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ማቀዝቀዣን ከፋብሪካ ጀምሮ ያቀረበው የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ኮምፕሬሰሩ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ አብሮ ይዞር ነበር። ማቀዝቀዣውን ፈጽሞ ለማቆም የፈለገ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት።

ይህን ችግር የፈታው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። በኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ያለው ፑሌጃ በቺንጋው እየተጎተተ ሁልጊዜ ይዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ከፑሌጃው በስተኋላ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። በዚህ ሽቦ ውስጥ 12 ቮልት ሲያልፍ ማግኔት ይሆንና ከፊት ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። “ቀጭ” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኮምፕሬሰሩም መዞር ይጀምራል። አንዳንድ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ፍሪሲዮን የሌለው ኮምፕሬሰር አላቸው፤ በመንገድ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሞተርሆሞች ግን በዚህ በገለጽነው መንገድ ይሠራሉ።

እንግዲህ “ማቀዝቀዣው አልነሣም” ስንል “ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ጠፋ” ማለታችን ነው። ጥያቄውም “12 ቮልቱን ማን ከለከለው?” ወደሚል ይለወጣል።

የፈቃድ ሰንሰለት

ቁልፉን ስንጫን ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ፍሪሲዮኑ አይሄድም። በመንገዱ ላይ እንደ በር ጠባቂ የቆሙ በርካታ መሣሪያዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ካልፈቀደ ሌሎቹ ቢፈቅዱም ኮምፕሬሰሩ አይዞርም።

የመጀመሪያው በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁልፍ ራሱ ነው። ቀጥሎ የኢቫፖሬተሩን ቅዝቃዜ የሚጠብቅ መሣሪያ ይመጣል፤ ክፍሉ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በላዩ በረዶ እንዳይጋገር ያቋርጣል። ዝቅተኛ ግፊት ጠባቂው ጋዙ ከመጠን በታች ሲሆን ይከለክላል። ከፍተኛ ግፊት ጠባቂው ደግሞ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ400 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ሲሆን፣ ቧንቧ ከመፈንዳቱ በፊት ያቆማል። የሞተሩ ኮምፒውተርም የራሱ ድምፅ አለው፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ወይም አሽከርካሪው ነዳጁን እስከ ወለሉ ድረስ ሲረግጥ ኮምፕሬሰሩን ለጊዜው ያቋርጣል። በመጨረሻ ሪሌይና በልማድ ባልቦላ የምንለው ፊውዝ ይገኛሉ።

ከእነዚህ ጠባቂዎች አብዛኞቹ የቆሙት ማሽኑን ከጉዳት ለማዳን ነው። የኮምፕሬሰሩ ዝምታ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠባቂውን በሽቦ አልፎ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሣት የእሳት አደጋ ደወልን ሽቦ ቆርጦ ዝም እንደማሰኘት ነው።

ሞተርሆም ከሌላው መኪና በምን ይለያል?

ሞተርሆም ከአንድ ፋብሪካ ሙሉ ሆኖ አይወጣም። አንደኛው ኩባንያ ሞተሩን፣ ጎማውንና ሻንሲውን ይሠራል፤ ሌላው ኩባንያ በዚያ ላይ ቤቱን ይገነባል። የፊት ክፍሉ የቫን መልክ ባለው ሞተርሆም የዳሽቦርዱ ማቀዝቀዣ በአብዛኛው የሻንሲው ፋብሪካ እንደሠራው ይቀራል። ፊቱ እንደ አውቶቡስ ጠፍጣፋ በሆነው ሞተርሆም ግን ዳሽቦርዱን የሚሠራው ቤት ገንቢው ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩና ኮንደንሰሩ የአንዱ ኩባንያ፣ ኢቫፖሬተሩና መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ የሌላው ይሆናሉ። የሁለቱ ሽቦዎች የሚገናኙት በአንድ ማያያዣ ላይ ነው፤ የአንደኛው ኩባንያ የጥገና መጽሐፍ የሌላውን ሽቦ ላያሳይ ይችላል።

የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። የፊውዝ ሳጥን አንድ ብቻ አይደለም፤ በኮፈኑ ሥር፣ ከመሪው በታችና በቤት ገንቢው በተሠራው ክፍል ውስጥ ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሞተራቸው ከኋላ በሆኑ ትልልቅ የናፍጣ ሞተርሆሞች ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ከኋላ፣ ኢቫፖሬተሩ ከፊት ስለሚሆን ጋዙ የሚጓዝባቸው ቱቦዎች የተሽከርካሪውን ርዝመት በሙሉ ያቋርጣሉ። መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር ጋዝ የሚያፈስበት ቦታም ይበዛል።

ሌላም ልዩነት አለ። ሞተርሆም በዓመት ውስጥ ለረጅም ወራት ይቆማል። በሚቆምበት ጊዜ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ መዝጊያ ይደርቃል፤ ጋዝ ቀስ በቀስ ያመልጣል። አይጦች ሽቦ ይበላሉ፤ እርጥበት ማያያዣዎችን ያዝጋል። ስለዚህ በግንቦት ወር ከቆመበት የተነሣ ሞተርሆም ባለፈው ዓመት ደኅና ስለነበር ብቻ ዘንድሮም ደኅና ነው ብሎ መንገድ መጀመር አይገባም።

ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ከታች የምንዘረዝራቸው ደረጃዎች ከቀላሉና ገንዘብ ከማያስወጣው ወደ ከባዱ የሚሄዱ ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ሞተሩ እየዞረ እጅ፣ ልብስ ወይም ረጅም ፀጉር ወደ ቺንጋውና ወደ ማራገቢያው እንዳይጠጋ።

አንደኛ፣ ማየትና መስማት። ሞተሩን አስነሥተው ማቀዝቀዣውን ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ፣ ማራገቢያውንም ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ያዙሩ። ማራገቢያው ራሱ ካልነፈሰ ችግሩ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ነው፤ በብዙ ተሽከርካሪዎች ማራገቢያው ካልበራ ኮምፕሬሰሩ ትእዛዝ አይደርሰውም። ከዚያ ከርቀት ሆነው የኮምፕሬሰሩን አፍ ይመልከቱ። ፑሌጃው እየዞረ መካከለኛው ጠፍጣፋ ብረት ከቆመ ፍሪሲዮኑ አልያዘም ማለት ነው። ብረቱ አብሮ እየዞረ አየሩ ግን የማይቀዘቅዝ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ፍሪሲዮኑ በየጥቂት ሴኮንዱ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የጋዝ ማነስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። አየሩ ቀዝቅዞ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ መስታወቱ ብቻ የሚነፍስ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ በብዙ ሞተርሆሞች የአየሩን መዝጊያዎች የሚያንቀሳቅሰው ከሞተሩ የሚመጣ የአየር ስበት ስለሆነ የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ መፈለግ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ፊውዝና ሪሌይ። የማቀዝቀዣውን ፊውዞች በሙሉ ያረጋግጡ፤ በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን በቴስተር ወይም በመፈተሻ መብራት። ቀጥሎ የኮምፕሬሰሩን ሪሌይ በተመሳሳይ ሌላ ሪሌይ ይቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ የጥሩምባው ሪሌይ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ከተነሣ ችግሩ በጥቂት ዶላር ተፈታ። አዲስ ያስገቡት ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ግን ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ክልክል ነው። አንድ ቦታ ሽቦ ተገናኝቷል፣ የፍሪሲዮኑ ጥቅልል ውስጡ ተያይዟል፣ ወይም ከጥቅልሉ ጋር የተገጠመችው ትንሿ ዳዮድ ተበላሽታለች።

ሦስተኛ፣ መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ። ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው፦ በፍሪሲዮኑ ማያያዣ ላይ 12 ቮልት ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ሞተሩ እየሠራና ማቀዝቀዣው እንደበራ በማያያዣው ላይ የሚለካው ከባትሪው ቮልት ጋር ሊቀራረብ ይገባል። መለኪያው መደረግ ያለበት ማያያዣው እንደተሰካ ነው። ተነቅሎ ሲለካ የዛገ ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ጭነት ሲመጣበት ግን ይወድቃል። የመሬት ሽቦውም እንዲሁ መፈተሽ አለበት፤ ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ያስፈልገዋል።

ቮልቱ በሚገባ እየደረሰ ፍሪሲዮኑ ካልያዘ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፤ ጋዝም ኮምፒውተርም አይጠየቁም። ቮልቱ ካልደረሰ ፍሪሲዮኑ ነፃ ነው፤ ከልካዩ ከበስተኋላው ካሉት ጠባቂዎች አንዱ ነው። በዚህ አንድ ልኬት ብቻ የምርመራው ግማሽ ይቀራል።

አራተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ከተጠረጠረ። ሞተሩን አጥፍተው የጥቅልሉን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቴስተር ይለኩ። ጤነኛ ጥቅልል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል። ልኬቱ ወሰን የሌለው ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ተያይዟል። ልኬቱ ደኅና ሆኖ ፍሪሲዮኑ የማይዝ ከሆነ በጠፍጣፋው ብረትና በፑሌጃው መካከል ያለውን ክፍተት መመልከት ያስፈልጋል። ክፍተቱ በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም የማይርቅ ነው፤ በዓመታት ፍትጊያ ብረቱ ሲያልቅ ይሰፋል።

“ጠዋት ይሠራል፤ ቀትር ላይ እምቢ ይላል” የሚባለው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል። በ25 ዲግሪ 4 ኦም የነበረ ጥቅልል የሞተሩ ሙቀት 105 ዲግሪ ሲያደርሰው 5.2 ኦም ገደማ ይሆናል። በ12 ቮልት ሲሰላ 3 አምፔር የነበረው ጅረት ወደ 2.3 አምፔር ይወርዳል፤ ማግኔቱም ይደክማል። ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ድካሙ አይታወቅም፤ ሲሰፋ ግን ማግኔቱ ብረቱን መሳብ ያቅተዋል። በብዙ ኮምፕሬሰሮች መፍትሔው ከጠፍጣፋው ብረት ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን አውጥቶ ክፍተቱን ማጥበብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሙሉ ኮምፕሬሰር ይገዛል።

አምስተኛ፣ ቮልቱ ካልደረሰ ግፊቱን መለካት። ሞተርሆሙ ለሰዓታት በጥላ ቆሞ ሙቀቱ ከአካባቢው አየር ጋር ሲስተካከል በጌጅ የሚለካው ግፊት ብዙ ይናገራል። በአር-134ኤ ውስጥ ጥቂት እንኳ ፈሳሽ ካለ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 70 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል፣ በ27 ዲግሪ 88፣ በ32 ዲግሪ 104፣ በ38 ዲግሪ ደግሞ 124 ያህል ይሆናል። ልኬቱ ከዚህ እጅግ ካነሰ ፈሳሹ አልቆ ተን ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ልኬቱ ከቀረበ ግን በውስጡ ፈሳሽ አለ፤ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ባያሳይም ለማስነሣት ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። በብዙ ተሽከርካሪዎች ዝቅተኛ ግፊት ጠባቂው የሚከለክለው ግፊቱ ከ25 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ሲወርድ ነው፤ እንደገና የሚፈቅደውም ከ45 አካባቢ በላይ ሲወጣ ነው። የቆመ ሞተርሆም ጌጅ ላይ 80 እያሳየ ፍሪሲዮኑ አንድ ጊዜ እንኳ የማይዝ ከሆነ ከልካዩ የጋዝ ማነስ ሊሆን አይችልም። ጋዝ ያነሰበት ማቀዝቀዣ ይነሣና ቶሎ ይቆማል፤ ጋዝ ያለቀበት ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጣል። በክረምት ብርድ አለመነሣትም ብልሽት አይደለም፤ በዜሮ ዲግሪ የጋዙ ግፊት 28 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ብቻ ስለሚሆን ጠባቂው አይፈቅድም።

ስድስተኛ፣ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ። ግፊቱ በቂ ሆኖ ቮልት የማይደርስ ከሆነ ግፊት ጠባቂዎቹን፣ የኢቫፖሬተሩን ሙቀት ጠባቂና የዳሽቦርዱን ቁልፍ በቴስተር መፈተሽ ይቀራል። በሁለቱ ኩባንያዎች ሽቦዎች መገናኛ ላይ ያለው ማያያዣ በተለይ መከፈትና መታየት አለበት፤ ዝገትና የላላ ሽቦ ከሚደበቁባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በአዳዲስ ተሽከርካሪዎች የሞተሩ ኮምፒውተር ለምን እንደከለከለ በመመርመሪያ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል። መካኒኮች ዝቅተኛ ግፊት ጠባቂውን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ፍሪሲዮኑ መያዝ አለመያዙን ሲሞክሩ እናያለን። ግፊት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ከሆነ ምርመራ ነው፤ ጋዝ በሌለበት፣ ወይም ሽቦው እንደተገናኘ ተትቶ ከሆነ ግን ኮምፕሬሰሩን መግደል ነው። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ይጓዛል ያልነው ለዚህ ነበር።

ጋዝ መሙላት መቼ ተገቢ ነው?

ጋዙ አንሶ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወዴት እንደሄደ ነው። ማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ካነሰ ያመለጠበት ቦታ አለ። በመጋጠሚያዎች ላይ የሚታይ ቅባታማ አቧራ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከጋዙ ጋር ዘይቱም ስለሚወጣ አቧራ ይይዛል። ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት በተቀደደ ቋት ውኃ እንደ መጨመር ነው።

ከጥገና በኋላ ባለሙያው ውስጡን በፓምፕ ከአየርና ከእርጥበት ያጸዳል፤ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ፈጥሮ ብረቱን ይበላልና። ከዚያ በተሽከርካሪው መለያ ላይ የተጻፈውን መጠን በሚዛን ለክቶ ይሞላል። መብዛቱም እንደ ማነሱ ጉዳት አለው፤ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሌላውን ጠባቂ ያስነሣል። ከሱቅ የሚገዛ ትንሽ ጣሳ የሚጠቀም ሰው ወደ ከፍተኛ ግፊቱ መግቢያ ፈጽሞ ማገናኘት የለበትም፤ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽም ጠባብ መንገዶችን ሊዘጋ፣ የጋራዡንም መሣሪያ ሊያበላሽ ስለሚችል ብዙ ጋራዦች ይህ የገባበትን ተሽከርካሪ አይቀበሉም።

የጋዙን ዓይነት ማወቅም ግድ ነው። የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳው አር-12 በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ሄዶ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአር-134ኤ ተተካ። አር-134ኤም በበኩሉ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ስለሆነ በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ቦታውን በስፋት የያዘው አር-1234ዋይኤፍ ነው። ይህ አዲሱ ጋዝ በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር መቀላቀል አይፈቀድም። በአሜሪካም ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በክፍያ የሚጠግን ባለሙያም የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

በመንገድ ላይ ሳሉ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ጋራዥ እስኪደረስ የሚጠብቅ ከሆነ ሞተርሆም አንድ ጸጋ አለው። በጣሪያው ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ከዳሽቦርዱ ፍጹም የተለየ ነው፤ የራሱ ኮምፕሬሰር፣ የራሱ ጋዝ አለው፤ በአሜሪካ ሞተርሆሞች የሚሠራውም በ120 ቮልት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሞተርሆም በጉዞ ላይ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ በጣሪያው ማቀዝቀዣ ሊጠቀም ይችላል። በዚህ ጊዜ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሥራቱ መረጋገጥ አለበት፤ ሽታ የሌለው ይህ ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል።

ጄኔሬተር ከሌለ በረሃውን በሌሊት ወይም በማለዳ ማቋረጥ፣ ውኃ በብዛት መያዝ፣ የልጆችንና የአዛውንቶችን ሁኔታ ደጋግሞ ማየት ይገባል። የቆመና የተዘጋ ተሽከርካሪ በፀሐይ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው አየር ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊበልጥ ይችላል፤ የሙቀቱ አብዛኛው ጭማሪም የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። “መካኒኩን አነጋግሬ ልምጣ” ብሎ ሕፃን ወይም አረጋዊ በውስጡ መተው የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህ በሞሃቪ ብቻ ሳይሆን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ለሚያሽከረክሩ ወገኖቻችንም እኩል የሚሠራ ምክር ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መከላከል ነው። ሞተርሆሙ በቆመባቸው ወራት የአየሩ ሁኔታ ሲፈቅድ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩን አስነሥቶ ማቀዝቀዣውን ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ዘይቱን አዳርሶ የዘንጉን መዝጊያ ከመድረቅ ያድነዋል። ረጅም ጉዞ ከታሰበም ሙከራው መደረግ ያለበት በመነሻው ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ነው።

ጋራዥ የሚሄድ ባለቤትም ባዶ እጁን አይሂድ። “ኤሲው አይሠራም” ከማለት ይልቅ “ፑሌጃው ይዞራል፣ ፍሪሲዮኑ አይዝም፣ ፊውዙና ሪሌዩ ደኅና ናቸው፣ ማያያዣው ላይ ቮልት አይደርስም፣ በ27 ዲግሪ ግፊቱ 85 ነው” ብሎ የሚናገር ሰው የማያስፈልገው ኮምፕሬሰር አይሸጥለትም። መካኒኩም የሚቀረውን ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም አቀበቱን ከመጀመሩ በፊት ያችን የናፈቃትን “ቀጭ” የምትል ድምፅ ይሰማል።